መዝጋቢ ወይስ መመዝገቢያ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የቴክኒክ አስተማሪ ነኝ። የሙቀት ዳሳሾችን (ሴንሰሮችን) የምንፈትሽባቸው፣ በባትሪ የሚሠሩ «ዳታ ሎገር» የሚባሉ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉን። የአማርኛ መመሪያ ሳዘጋጅ ባልደረባዬ «የመረጃ መመዝገቢያ» በል ይለኛል፤ እኔ «መረጃ መዝጋቢ» ይሻላል ባይ ነኝ። ማን ነው ትክክል? ሰዓቱንስ በየትኛው አቆጣጠር ልጻፍ?

መልስ፦ ዳኛው ቤትዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የመብራቱን መሣሪያ ቆጣሪ እንለዋለን፤ መቁጠሪያ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲሳለሙ በመነኩሴው እጅ የሚያዩት ነው። ሁለቱም ከ«ቆጠረ» የወጡ ናቸው። በመቁጠሪያ የሚቆጥረው ሰውዬው ነው፤ ቆጣሪው ግን እርስዎ ቢተኙም ይቆጥራል። የእርስዎም መሣሪያ ከኮምፒውተር ተነቅሎ፣ በራሱ ባትሪና በራሱ ሰዓት ሌሊቱን ሲጽፍ ያድራልና መዝጋቢ ነው። መመዝገቢያ የሚለውን ተማሪው በእስክሪብቶ ለሚሞላው ቅጽ ይተዉለት። ባልደረባዎ «ማቀዝቀዣስ? እሱም ብቻውን ያድር የለ?» ቢሉዎት እውነት አላቸው፤ ቋንቋ እንዲህ ያለ ማፈንገጥ አያጣም። ቅጹም መሣሪያውም በሚጠቀሱበት መመሪያ ግን ልዩነቱን መጠበቅ ያዋጣል።

ቃሉ ራሱ ለሥራው የተሰፋ ይመስላል። በግእዝ «ዘገበ» አከማቸ፣ «መዝገብ» የሀብት ማከማቻ፣ ግምጃ ቤት ነው። እኛ ስሙን ወስደን «መዘገበ» የሚል ግስ አወጣንለት። መዝጋቢው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ዳሳሹ ያመጣለትን ያከማቻል።

ስለዚህም ከላኩልኝ የተማሪዎች ማስታወሻ ውስጥ ይህ ዓረፍተ ነገር አላለፈኝም፦ «በሚፈላ ውሃ ውስጥ ዳሳሹ 93 ዲግሪ መዘገበ፤ ስለዚህ ተበላሽቷል።» ዳሳሽ ይለካል፤ የሚመዘግበው ሌላው ነው። ድምዳሜው ደግሞ ከፊዚክስ ጋር ያጣላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ እዚያ የሚፈላው 93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። 100 ቢል ኖሮ ነበር መጠርጠር። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከትተው ይፈትኑት፤ እዚያ ከፍታው ለውጥ አያመጣም፣ ዜሮን መጠጋት አለበት። ሁልጊዜ ሁለት ዲግሪ የሚጨምር ዳሳሽ ቢያገኙ እንኳ «ተበላሽቷል» አይበሉት፤ «ያዛባል» ይበሉ። የተበላሸ ይጣላል፤ የሚያዛባውን ግን ልኩን ካወቁ ሁለት ቀንሰው ይሠሩበታል።

«የናሙና አወሳሰድ የጊዜ ክፍተት፦ 10 ደቂቃ» ያሉትንም ይሰርዙት። አማርኛ «በየ» የምትል ትንሽ ቃል አለችው፤ «በየ10 ደቂቃው እንዲመዘግብ ያዘጋጁት» ይበቃል። በቀን 144 ንባብ መሆኑን ቢጨምሩበት ደግሞ የመሣሪያው ማኅደር (ሜሞሪ) ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ተማሪው ራሱ ያሰላል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ መሣሪያውን ወደ እኛ አቆጣጠር አያዙሩት። አብዛኞቹ መዝጋቢዎች ሰዓታቸውን የሚቀበሉት ሲዘጋጁ ከተሰኩበት ኮምፒውተር ነው፤ አስቀድመው የኮምፒውተሩን ያስተካክሉ። ወደ እኛ አቆጣጠር ካዞሩት ከምሽቱ 1 ሰዓት «13:00» ሆኖ ይወጣል፤ «አሥራ ሦስት ሰዓት ላይ እንገናኝ» የሚል ጎንደሬ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም። ቀኑም ንጋት ላይ ስለሚለወጥ ከሌላ መሣሪያ ጋር ሲያስተያዩት ይጋጫል። በጽሑፉ ውስጥ ግን 14:00ን «ከቀኑ 8 ሰዓት»፣ 2:00ን «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይበሉ። ባዶውን «8 ሰዓት» ከጻፉ አንዱ ተማሪ የቀትር ፀሐይ፣ ሌላው የሌሊት ብርድ ይታየዋል። በሠንጠረዡ ራስ ላይም «ሰዓት» የሚለው ስለማይበቃ «የመሣሪያው ሰዓት» ብለው ይጻፉ።