አምባ ተራራ ነው ወይስ ሰፈር?

ጥያቄ፦ «የልጄ የጂኦግራፊ ደብተር ላይ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ተራራ ‹ሜሳ› ተብሏል። አምባ በለው አልኩት። ‹አምባ እኮ ሰፈር ነው› አለኝ። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። ከገዛ ተራሮቻችን የበቀለ ቃል እያለን መዋሳችን ያንገበግበኛል። ሜሳ በስፓኝኛ ጠረጴዛ ማለት ነው። አምባ ግን የሚታረስ፣ የሚኖርበት፣ የሚሸፈትበት ነው። ደብረ ዳሞን ያስቡ። ወደ 15 ሜትር ገደል በገመድ ተንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ላይ ሲደርሱ ሜዳ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከአለት የተፈለፈለ የውሃ ጉድጓድ አለ።

አፈጣጠሩም ቃሉን ያብራራል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ስንጥቅ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የሰሜኑን አገር እንደ እንጀራ እየተነባበረ ሸፈነው። ያ ሰፊ ከፍታ አምባ ምድር ይባላል። ከዚያ እነ ተከዜ ይከረክሩት ጀመር። ላይኛው ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳው ቶሎ ይሸረሸራል። ሥሩ ሲቦረቦር ላይኛው ቀጥ ብሎ ይናዳል። ጎኑ ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ቁራሽ ይተርፋል። እሱ ነው አምባ። በስሜን፣ ቧሂት አካባቢ፣ በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ገፍቶ የከመረው ድንጋይም አለ፤ ያ ግን ጉብታ ነው፣ አምባ አይባልም።

በትግርኛ «እምባ» ማንኛውም ተራራ ስለሆነ (የኤርትራውን ተራራ እምባ ሶይራን ልብ ይሏል) አማርኛውም እንደዚያው ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ዘመዳም ቃላት ሁሉ አንድ ትርጉም አይጋሩም። የእኛው ቃል ገደል ይፈልጋል። የጎንደር ነገሥታት ልዑላኑን ያሰሩት ወህኒ አምባ ላይ ነበር፤ «ወህኒ ቤት» የምንለውም ከዚያ መጣ። ገደል የሌለው ቦታ ማንን ያስራል? «አምባገነን»ንም አምባ ላይ ወጥቶ የገነነ ብዬ እፈታዋለሁ። ማስረጃ አምጣ የሚሉኝ አሉ። የጽሑፍ ማስረጃ የለኝም፤ ጆሮዬ ግን ሌላ ፍቺ አይቀበልም።

ልጅዎም ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። አናቱ ላይ ሰው ሲሰፍርበት ስሙ ከድንጋዩ ወደ ሰፈሩ ተሻገረ። በደርግ ጊዜ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ መንደሩ «የሕፃናት አምባ» ሲባል ገደል ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ቅር እያለኝም ቢሆን ሁለተኛ ትርጉም ብዬ እቀበለዋለሁ። ደብተሩ ላይ ግን ሜሳ ይሰረዝና አምባ ይጻፍ።