በኮስትኮ ካርድ መኪና መግዛት ያዋጣል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። አዲስ የቶዮታ ራቭ4 ልትገዙ አስባችኋል፣ የኮስትኮ (አሜሪካ ያለው፣ በአባልነት ካርድ የሚገበያዩበት ትልቅ መደብር) ካርድ አላችሁ፣ ባለቤትሽ ደግሞ «ራሳችን ብንከራከር ይረክስልናል» ይላል። ካርዱን ወደ ኤግዜኪዩቲቭ (ወደ ውዱ የአባልነት ዓይነት) ማሳደግ ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ በዚህ መንገድ ገዝቻለሁ፣ ዘመዶቼንም አስገዝቻለሁ። መልሴ ተጠቀሙበት ነው። ግን የሚሰጧችሁን ዋጋ ለክርክር መነሻ አድርጉት።

መጀመሪያ፣ ኮስትኮ ራሱ መኪና አይሸጥም። የሚሸጠው ዲለሩ፣ ማለትም የመኪና መሸጫ ድርጅቱ ነው። አባላትን መኪና የሚያስገዛውን የኮስትኮ ፕሮግራም የሚያንቀሳቅሰው አፊኒቲ ኦቶ ፕሮግራምስ የሚባል ድርጅት ነው፤ ከዲለሮች ጋር በዋጋ ቀድሞ ይስማማል። እናንተ ኢንተርኔት ላይ የመኪናውን ዓይነት ስትመርጡ፣ አካባቢያችሁ ያለ ዲለርና እዚያ የተመደበው ሠራተኛ ስም ይደርሳችኋል። ቀጠሮ የምትይዙት ከዚያ ሰው ጋር ነው። ዝም ብላችሁ ከገባችሁ በር ላይ የሚቀበላችሁ ሻጭ ስለ ፕሮግራሙ ላያውቅ ይችላል። ቢያውቅም ኮሚሽኑን ለሌላ አሳልፎ መስጠት የሚወድ ሻጭ እኔ አላየሁም።

ዋናው ነገር ወረቀቱ ነው። ዲለሩ ለአባላት ብቻ የተዘጋጀ የዋጋ ወረቀት አለው፣ ያንን ሊያሳያችሁ ይገባል። አንድ ዘመዴን ይዤ የሄድኩበት ዲለር (ስሙ ይቅር) ሻጩ በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፈና «የኮስትኮ ዋጋ ይሄ ነው» አለን። ወረቀቱን አሳየን ስንለው ሲስተሙ ዘግቷል አለ። ቦርሳችንን አንስተን ተነሳን። ሲስተሙ ወዲያው ተከፈተ! ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ በእስክሪብቶ ከተጻፈው ያነሰ ነበር። እና ወረቀቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ስለ ሌላ ምንም ነገር አታውሩ።

ወረቀቱን ስታዩ የአባሉን ዋጋ መስኮቱ ላይ ከተለጠፈው ዋጋ ጋር ብቻ አታወዳድሩ። ኢንቮይሱንም ጠይቁ። ኢንቮይስ ማለት አምራቹ ለዲለሩ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። «ከኢንቮይስ በታች ሸጥንልህ» ሲሏችሁ ግን ከሰሩ ብላችሁ እንዳታዝኑላቸው። ብዙ አምራቾች መኪናው ሲሸጥ ከዋጋው ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆነውን ለዲለሩ መልሰው ይሰጣሉ፣ ሆልድባክ ይሉታል። አምራቹ ለገዢው የሚሰጠው ሪቤት ካለ ደግሞ ከአባሉ ዋጋ ላይ ተጨማሪ ይቀነሳል። ያ የእናንተ ገንዘብ ነው፣ የኮስትኮ ቅናሽ አስመስለው እንዳያቀርቡላችሁ።

ባለቤትሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ጎበዝ ተከራካሪ ከሆነ፣ ለሌሎች ዲለሮች ኢሜይል ጽፎ «ታክስና ታርጋን ጨምሮ ከግቢ እስክትወጣ ስንት ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ከኮስትኮው የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። በተለይ ሳይሸጥ የከረመ መኪና ላይ። ተፈላጊ በሆነ ሞዴል ላይ ግን፣ እንደ ራቭ4 ሃይብሪድ ባለው፣ ቅናሹ ትንሽ ነው፤ እዚያ ላይ የፕሮግራሙ ጥቅም ከተለጠፈው ዋጋ በላይ ከመጠየቅ መዳናችሁ ነው። ክርክር የማይሆንለት ሰው፣ ወይም እንግሊዝኛው ገና ያልፈታ ሰው፣ በኮስትኮ ቢሄድ እኔ ደስ ይለኛል። ግማሽ ቀን ሙሉ «ማናጀሬን ልጠይቅ» እየተባለ መንገላታት ቀላል ጣጣ አይደለም።

አሁን ገንዘቡ የሚፈስበትን ቦታ ልንገራችሁ። የአባሉ ዋጋ የመኪናው ዋጋ ብቻ ነው። ዲለሩ ራሱ የገጠመው እቃ፣ የጎማ ናይትሮጂን፣ የቀለም መከላከያ ምናምን ለብቻው ሊደመር ይችላል። አልፈልግም በሉ። ዶክ ፊ የሚባለው የወረቀት ክፍያ እንደየግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ በሕግ 85 ዶላር ላይ ገድባዋለች። ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ ገደብ የለም፣ ከ900 ዶላር በላይ ቢጠይቋችሁ አይግረማችሁ።

ከሁሉም የከፋው የፋይናንስ ክፍሉ ነው። በዋጋ ላይ የቆጠባችሁት እዚያ ተመልሶ ይሄዳል። ዲለሩ ከባንኩ ያገኘውን ወለድ ጨምሮበት ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ልዩነቱ ለእሱ ነው። አስቡት፦ 35,000 ዶላር ለ72 ወር በ6 በመቶ ብትበደሩ በወር 580 ዶላር ገደማ ነው። በ8 በመቶ ከሆነ ወደ 614 ይደርሳል። በወር 34 ዶላር ምንም አይመስልም። ሲጠቃለል ግን ከ2,400 ዶላር በላይ ነው፤ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀነሳችሁት ሊሆን ይችላል ያ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ከክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) የብድር ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ። ዲለሩ ከዚያ ያነሰ ወለድ ካመጣ በደስታ ውሰዱት፣ አምራቾች አንዳንዴ በጣም ዝቅተኛ ወለድ ያቀርባሉ። «በወር ስንት መክፈል ትችላላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አትስጡ።

አሮጌ መኪናችሁን ለዲለሩ በልዋጭ የምትሰጡ ከሆነ ፕሮግራሙ ስለ እሱ ዋጋ ምንም ዋስትና የለውም። አስቀድማችሁ ያገለገለ መኪና የሚገዛው ካርማክስ ዘንድ አስገምቱት፤ የሚሰጧችሁ ዋጋ ለ7 ቀን ይጸናል፣ ዲለሩ ዝቅ አድርጎ ሲገምትባችሁ ታሳዩታላችሁ።

«ካልተስማማኝ በ3 ቀን እመልሰዋለሁ» የሚባለውን ደግሞ እርሱት። የፌዴራሉ የ3 ቀን ሕግ ከዲለር ግቢ የተገዛን መኪና አይመለከትም። ፈርማችሁ ከወጣችሁ የእናንተ ነው።

ስለ ካርዱ፦ ተራው በዓመት 65 ዶላር፣ ኤግዜኪዩቲቩ 130 ነው። መደበኛው የአባል ዋጋ ለሁለቱም አንድ ነው። አልፎ አልፎ አንዳንድ አምራቾች ለኮስትኮ አባላት ልዩ ቅናሽ ሲያወጡ ለኤግዜኪዩቲቭ ጨመር ያደርጋሉ። ቶዮታ ላይ አሁን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የፕሮግራሙ ገጽ ላይ እዩ። ካለ፣ አባልነቱ እስከ ስንት ቀን ድረስ የተያዘ መሆን እንዳለበት አንብቡ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ማሳደጉ ዋጋ የለውም። ከሌለ ተራው ካርድ ይበቃችኋል።