ጅዳና ጅቡቲ ላላችሁ ልጆች፦ ጎርፉ ከባሕር በኩል አይመጣም

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት የአየር ትንበያ ክፍል ውስጥ ካርታ ላይ አፍጥጬ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ግን ኅዳር ሲገባ አላስችል ይለኛል፤ የሳተላይት ምስል ከፍቼ ቀይ ባሕርን ማየት እጀምራለሁ። እዚያ ባሕር ዳር ስንት የእኛ ልጅ እንዳለ ታውቃላችሁ። ቤት ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ወረቀት ያለውም የሌለውም።

ጅዳ ያለ ሰው ሰማይ ሲጠቁር ዐይኑን ወደ ባሕሩ ይጥላል። ማዕበል የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ጅዳ ባሕርና ተራራ መሐል በተዘረጋች ጠባብ ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል ያሉት ተራሮች ድንጋይ ናቸው፤ ዛፍ የላቸው፣ ውሃ የሚመጥ አፈር የላቸው። ከዚያ ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ደረቅ ወንዞች አሉ፤ እዚያ ዋዲ ይሏቸዋል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ናቸው። ሰው መኪና ያቆምባቸዋል፣ ከዚያ ቤት ይሠራባቸዋል፣ ከዚያ ሰፈር ይሆናሉ። አንድ ቀን ግን ዝናብ ተራራው ላይ ይወርድና ውሃው መንገዴን ልቀቁ ብሎ ይመጣል። እናንተ ያላችሁበት ሰፈር ላይ ጠብ ሳይል ማለት ነው።

የድሬዳዋ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የከተማው ደረቅ ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ላይ ነበር።

አሁን ትንሽ ስለ ሙያው ላውራ፣ ታገሱኝ። ከሱዳንና ከእኛ አገር አካባቢ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ ሰሜን የሚዘረጋ ዝቅተኛ የአየር ግፊት አለ። እኛ የቀይ ባሕር ትራፍ እንለዋለን። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ይመላለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀትና አቧራ ከማምጣት በቀር ምንም አያደርግም። ጣጣው የሚጀምረው ከሜዲትራኒያን በኩል ቀዝቃዛ አየር፣ ከመሬት አምስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ፣ ወደ ደቡብ ሲወርድና ከላዩ ሲደርስበት ነው። ከታች ያለው ባሕር ደግሞ ሲግል ከርሞ ኅዳር ላይ እንኳ ገና አልበረደም፤ ጅዳ አካባቢ ውሃው 28 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከታች ሙቅና እርጥብ አየር፣ ከላይ ቀዝቃዛ። ሙቁ ወደ ላይ ይተኮሳል። በዚያ ላይ ከደቡብ የሚነፍሰውና ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ባሕሩ ላይ ይጋጫሉ፣ ተራራው ደግሞ አየሩን የባሰ ወደ ላይ ይገፋዋል። ደመናው እንደተለመደው አልፎ ቢሄድ ችግር አልነበረም። አንዳንዴ ግን ሳይንቀሳቀስ እዚያው በላይ በላዩ ይሠራል። ትልቁ መከራ እሱ ነው።

(ይኸው ትራፍ ወደ እኛም እጁን ይዘረጋል። ገበሬው ኅዳር ላይ እህሉን አጭዶ አውድማ ላይ ከምሮ ሳለ ድንገት የሚመጣው ያለወቅቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ የዚሁ ጉዳይ ነው። አገር ቤት ሲደወል «እህሉ በሰበሰ» ከተባላችሁ ጅዳ ላይም ሰማዩን ተመልከቱ።)

ኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነበር። የሐጅ ሥርዓት የሚጀመርበት ቀን ነበር። ጅዳ ላይ በአራት ሰዓት ውስጥ 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ዘነበ። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል፤ የእኛ ከተማ በዓመት 1,200 ገደማ ታገኛለች። ጅዳ ግን በዓመት የምታየው ወደ 50 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ አስሉት፦ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከአራት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በላይ ተደፋ፣ በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ፣ ውሃ በማይጠጣ ድንጋይ ላይ። ከ100 ሰው በላይ ሞተ። ብዙዎቹ መኪና ውስጥ ነበሩ። ክፉኛ የተመታው እንደ ቁወይዛ ያለ የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ ሰፈር ነበር፤ ኪራይ ረከስ የሚልበት፣ የስደተኛ ሠራተኛ የሚበዛበት። የሳዑዲው ንጉሥ አብዱላህ ምርመራ እንዲካሄድ አዘዙ፤ በዋዲ ላይ ግንባታ የፈቀዱ ሰዎች ጉዳይም ፍርድ ቤት ደረሰ።

በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ደገመው። ኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በስድስት ሰዓት ውስጥ 179 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ ከ2002ቱ በለጠ። የሞቱት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በመሐሉ ግድብና ቦይ ተሠርቷል፣ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወጥቷል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ታግዷል። ትንበያ ምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ እነዚህን ሁለት ኅዳሮች ነው የማሳየው።

ስለዚህ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ሰፈራችሁን እወቁ። ዛሬውኑ፣ ፀሐይ እያለ ውጡና እዩ። ግድግዳ ላይ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቀጥ ያለ የጭቃ ምልክት ካለ ውሃ እዚያ ደርሶ ያውቃል ማለት ነው፤ ቀለም ቢቀባም ልስኑ በታች በኩል ያበጠ፣ የተላጠ ይሆናል። የሽቦ አጥር ላይ ፌስታልና ደረቅ ቅጠል በአንድ ከፍታ ተሰልፎ ከተያዘ ያም እሱ ነው። መንገዱ ሥር ያለውን የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱት፤ በፕላስቲክ ጠርሙስና በአሸዋ ከተደፈነ ውሃው መሄጃው በላይ በኩል ነው፣ በእናንተ በር። ከመሬት በታች ያለ ክፍል ርካሽ ነው ብላችሁ አትከራዩ። አውቃለሁ፣ ገንዘብ ነው። ቢሆንም።

ሁለተኛ፣ ስልክ ላይ የምታዩት የደመና ሥዕል ብዙ አያስተማምንም። የመዝነብ ዕድሉ 30 በመቶ ነው ይላችኋል፤ 30 በመቶው የት ላይ እንደሆነ፣ ተራራው ላይ ይሁን ከተማው ላይ፣ አይነግራችሁም። የሳዑዲ ብሔራዊ የሜትሮሎጂ ማዕከል የሚያወጣውን ተከታተሉ፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ እያለ ያስጠነቅቃል። ዐረብኛ ማንበብ ባትችሉ እንኳ ቀለሙን ታያላችሁ። ማየት ያለባችሁ የጅዳን ብቻ አይደለም፣ ከጀርባዋ ያሉትን ተራሮች ጭምር ነው። አደጋ ሲደርስ በመካ ክልል የሚደወለው 911 ነው።

የቲክቶክ ነቢያትን ተዋቸው። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ዱባይ ስትጥለቀለቅ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ 142 ሚሊ ሜትር ሲወርድ፣ «ደመና ሲያዘንቡ ከእጃቸው አምልጦ ነው» የሚለው ወሬ ሲዞር ሰነበተ። ደመናን በኬሚካል ማበልጸግ ያለውን ደመና ትንሽ ይቀሰቅስ ይሆናል እንጂ ደመና አይፈጥርም፣ ኦማንንና ኤምሬትስን አንድ ላይ የሚያጥለቀልቅ ዝናብም አያመጣም። ያ ዝናብ ቀናት ቀደም ብሎ በትንበያ ካርታ ላይ ታይቶ ነበር።

ሦስተኛ መኪና። ሾፌሮች፣ ይህ ለእናንተ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያነሳል። 60 ከሆነ ፒክአፑም ይሄዳል። «አሠሪዬ ቶሎ ና ብሎኛል» አትበሉ፤ ደውሉና መንገድ ተዘግቷል በሉ። ከዋሻ መንገድና ከድልድይ ሥር ራቁ። ውሃ መሐል ሞተር ከጠፋ መልሳችሁ ለማስነሳት አትታገሉ፣ መስኮት ከፍታችሁ ውጡ። ፓስፖርትና ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃዳችሁ) ደግሞ በፌስታል ተጠቅልለው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ፤ ፎቶ አንስታችሁ አገር ቤት ላለ ሰው ላኩ። የረጠበ ወረቀት በሰው አገር ምን ያህል እንደሚያንገላታ ለእናንተ አልነግርም።

ጅቡቲ ያላችሁ ደግሞ ሌላም ነገር ጠብቁ። እናንተን ከቀይ ባሕሩ ትራፍ ሌላ የሕንድ ውቅያኖስም ያዛችኋል። በአንዳንድ ዓመት የውቅያኖሱ ምዕራብ ሲሞቅ ምሥራቁ፣ ኢንዶኔዥያ አጠገብ ያለው፣ ይበርዳል። ያኔ እርጥበቱ ወደ አፍሪካ ዳርቻ ያጋድላል፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥም ከኬንያ እስከ ጅቡቲ ይዘንባል። የ2012 ዓ.ም. ኅዳር እንዲህ ያለ ነበር፤ ይህ ልዩነት ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት በአንዱ ደረጃ ላይ ደርሶ ጅቡቲ ከተማ ለቀናት ውሃ ውስጥ ሰነበተች። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ሙሉ አቋርጦ መጣ። አምቡሊ ወንዝ ዳር የምትኖሩ፣ በ1996 ዓ.ም. ሚያዝያ ስለደረሰው ጎርፍ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ። እነሱ ከእኔ ካርታ ይልቅ ውሃው በየትኛው በር እንደገባ ያውቃሉ።

ከእናንተ ውስጥ ይህን ሙያ የሚወድ ካለ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። ደመወዙ ሀብታም አያደርግም፣ ያንን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ውሃው ከጎደለ በኋላ የረጠበ ሶኬት አትንኩ፣ ታንከር ውስጥ የገባውን ውሃ አትጠጡ። በየጓዳው የቀረውን ውሃ ድፉት፤ ጅዳ ላይ ከዝናብ በኋላ ትንኝ ይፈላና ዴንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ይነሳል። ትኩሳት፣ የዐይን ጀርባ ሕመምና የአጥንት ቁርጥማት ከተሰማችሁ አስፕሪንም ሆነ ኢቡፕሮፌን አትዋጡ፣ ደም ያፈስሳሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።