ወደኋላ ስትገፋው «ቀጭ» የሚል ፊክሲ

የጻፈልኝ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር ወጣት ነው። ሥራው ከዚራ ነው። ባጃጅ ሰልችቶት ሳይክል ሊገዛ አስቧል። ያማረው ፊክሲ ነው፤ ማለትም ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር ታስሮ አብሮ የሚዞር፣ ጎማው እየሄደ እግር ማሳረፍ የማይቻልበት ሳይክል። ታይዋን በሚባለው የድሬ ሰፈር አንድ ሰው አሮጌ የውድድር ሳይክል ወደ ፊክሲ አስለውጦ እየሸጠ ነው። ፊት 46 ጥርስ፣ ኋላ 16። ፍሬን የለውም። ልጁ ሞክሮታል። ወደፊት ሲነዳው ምንም አይልም። ለማቆም ፔዳሉን ወደኋላ ሲገፋ ግን «ቀጭ» ይልና ትንሽ ይለቃል። እንደገና ሲረግጥ መጀመሪያ ባዶውን ይሄዳል፣ ከዚያ ይይዛል። ሻጩ «አዲስ ስለተሠራ ነው፣ ሲለመድ ይተዋል» ብሎታል። «ጋሼ፣ ልግዛው? ለጀማሪስ የትኛው ይሻላል?» ይላል።

አቦ፣ አትግዛው! ቢያንስ እንዳለ አትግዛው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አናውቅምና አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ሳይክሉን በዓይኔ አላየሁትም። ግን «ቀጭ፣ ባዶ፣ ያዝ» የሚለውን ነገር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ግምቴ ይህ ነው። ያ የኋላ ጎማ የፊክሲ ጎማ አይደለም። የተራ ሳይክል ጎማ ነው። ፍሪዊሉን፣ ማለትም እግር ሲያርፍ ጎማው ብቻውን እንዲሄድ የሚያደርገውን፣ አውልቀው በቦታው ቋሚ ጥርስ አጥብቀውበታል። ጥርስ የምለው ካቴናው የሚያርፍበትን ባለጥርስ ክብ ብረት ነው። ጥርሱን ከውጭ የሚቆልፍ ቀለበት የለውም። ቀለበት ካለውም ከሌላ ቦታ ፈትተው ያመጡት ነው፣ ምናልባት ከፔዳሉ መሃል ካለው አክሰል። አንተ ወደኋላ በገፋህ ቁጥር ጥርሱ እየተፈታ ነው። ወደፊት ስትረግጥ ተመልሶ ይጠብቃል። «ቀጭ» የሚልህ እሱ ነው። ይሄ የሚለመድ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ሙሉ ለሙሉ ይፈታል። ያን ጊዜ ፔዳል በባዶ ይዞራል፣ ፍሬን የለህም፣ ፊትህ ባጃጅ ቆሟል።

ግምቴን ራስህ አረጋግጥ። የእህትህን የጥፍር ቀለም ተዋስ። ከኋላ ጥርሱ ጀምረህ ሞዞው ላይ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ሞዞ የምለው አክሰሉን ያቀፈውን የጎማውን እምብርት ነው። ቀለሙ ይድረቅ። ሻጩ እያየ፣ ሰፈር ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ቀስ ብለህ እየነዳህ አራት አምስት ጊዜ ወደኋላ ግፋው። ወርደህ እየው። መስመሩ ከተሰበረ ጥርሱ እየተፈታ ነው፣ ጉዳዩ አለቀ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ካለና ድምፁ ግን ከቀጠለ ካቴናው ረግቦ ሊሆን ይችላል። ወይም የፔዳሉን ክንድ ከአክሰሉ ጋር የያዘው ሽብልቅ ተበልቷል። አሮጌ ሳይክሎች ላይ ክንዱ በሽብልቅ ነው የሚያዘው፣ ሲበላ በትክክል እንዲህ ነው የሚለው። እነዚህ ሁለቱ በቀላሉ ይሠራሉ። እኔ ግን ገንዘቤን መስመሩ ይሰበራል በሚለው ላይ አስይዛለሁ።

አሁን አንዴ ታገሰኝ፣ የምወደው ነገር ላይ ደረስኩ። ይሄን ያስረዳኝ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሽማግሌ ነው፣ ነፍሱን ይማር። ልጅ ሆኜ ቬንትሌተር ልፈታ ስታገል አየኝ። የድሬ ልጅ ሆኖ ቬንትሌተር ያልፈታ የለም። ክንፉን ከፊት የያዘችውን የፕላስቲክ ዳዶ እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ እያዞርኩ ነው። እምቢ አለች። እኔም ፒንሳ አነሳሁ። «ተው፣ ትሰብረዋለህ፣ ወደ ቀኝ አዙራት» አለኝ። አዞርኳት፣ ተፈታች። ጥምዟ፣ ማለትም ውስጧ ያለው ጠመዝማዛ መስመር፣ የተገላቢጦሽ ነው። ለምን? አክሰሉ ክንፉን ሲያዞረው አየሩ ክንፉን ይይዘዋል፣ ክንፉም ዳዶዋን ይዟት ወደኋላ መቅረት ይፈልጋል። ጥምዟ እንደሌላው ቢሆን እየዞረ ይፈታትና ክንፉ ሳሎን ውስጥ ይበር ነበር። ስለዚህ ሊፈታት የሚሞክረው ኃይል ራሱ እንዲያጠብቃት አድርገው ሠሯት። የሳይክልህ የግራ ፔዳልም እንዲሁ ነው። ወደ ግራ ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ይፈታል። ይሄን የማያውቅ ሰው ስንቱን የፔዳል ክንድ ጥምዝ በልቶ አምጥቶልኛል!

ወደ ፊክሲ እንምጣ። ሳይክሉን ካቴናው ባለበት በኩል ቆመህ እየው። ወደፊት ስትረግጥ ካቴናው ጥርሱን ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። የጥርሱ ጥምዝ ተራ ስለሆነ ይጠብቃል። በረገጥክ ቁጥር ይጠብቃል፣ ጥሩ ነው። ለማቆም ስትገፋ ግን ካቴናው ከታች ይወጠርና ጥርሱን ወደ ግራ ይጎትተዋል። ወደ ግራ ማለት መፍታት ነው። እውነተኛው የፊክሲ ሞዞ ለዚህ መልስ አለው። ሁለት ደረጃ ጥምዝ አለው። ውስጠኛው ሰፋ ይላል፣ ተራ ጥምዝ ነው፣ ጥርሱ እዚያ ይገባል። ውጪኛው ትንሽ ጠበብ ይላል፣ የተገላቢጦሽ ነው፣ እዚያ ላይ መቆለፊያ ቀለበት ይታሰራል። ጥርሱ ወደ ግራ ሊፈታ ሲነሳ ቀለበቱን ይገፋዋል፣ ይዞት ወደ ግራ ሊዞር ይሞክራል። ለቀለበቱ ግን ወደ ግራ ማለት መጥበቅ ነው። ጥርሱ ለመውጣት በታገለ ቁጥር በሩ ይበልጥ ይዘጋበታል። ሽማግሌው ይሄን ሲያስረዳኝ በሁለት የጄሪካን ክዳን አሳይቶኛል። እኔ እስከዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ሰዎች የሚሳሳቱበት ምክንያትም ከዚህ ይመጣል። የፍሪዊል ጥምዝና የፊክሲ ጥርስ ጥምዝ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ጥርሱ ተራ ሞዞ ላይ ቁጭ ይላል። «ገባ፣ አለቀ» ይላሉ። የገባ ሁሉ አይሠራም። ከአክሰል የተፈታውም ቀለበት ይገባል፣ ግን ጥምዙ ተራ ነው፣ ጥርሱ ሲፈታ አብሮት ይፈታል። አንዳንዱ ማስቲሽ ይቀባበታል። አንዱ ደግሞ ባለፈው ዓመት በየዳ አስበይዶ አመጣልኝ። ጥርሱን ከሞዞው ጋር በይደውት! የብየዳው ሙቀት የኩሽኔታውን መቀመጫ አበላሽቶታል፣ ጎማው ሲዞር እንደ ወፍጮ ያጓራል። ጥርሱ ሲያልቅ መቀየር አይቻል፣ ሞዞው ሲበላሽ መፍታት አይቻል። ቸርኬው ብቻ ተረፈ። ለዚያ ሥራ ገንዘብ ከፍሎበታል እኮ።

ርካሽ ዕቃም አለ። ከስስ ላሜራ የተቆረጠ ጥርስ ይመጣል፣ ጥምዙ ሁለት ዙር እንኳን አይሞላም። ቀለበቱም ለስላሳ ብረት ነው። ቁልፍ ሲነካው የቀለበቱ ቁልፍ መያዣ ይከባል፣ ከዚያ በመሮና በመዶሻ ይመታል። ጥርስ ስትገዛ ጎኑን እይ፤ ወፍራም ይሁን፣ ጥምዙ ጥርት ያለ ይሁን። ለቀለበቱ መንጠቆ ቁልፍ ግዛ። በመዶሻ አይታሰርም።

ታዲያ ምን ትግዛ? የሻጩ ሳይክል ፍሬም ደህና ከሆነ በፍሬሙ ዋጋ ተደራደር። «ፊክሲ» በሚለው ስም የጨመረውን አትክፈለው። የኋላ ጎማ ማስገቢያውን እይ። አክሰሉ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበት አግድም ክፍተት ካለው ጥሩ ነው። ቀጥ ብሎ ወደታች የሚከፈት ከሆነ ተወው፤ ፊክሲ ላይ ካቴና የሚወጠረው ጎማውን ወደኋላ በመሳብ ነው። ስትወጥረው መሃሉ ላይ በጣትህ ወደላይና ወደታች አንድ ሴንቲ ያህል ይንቀሳቀስ። ከዚያ በላይ ከረገበ ይወጣል። ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታ ይበላል።

ከዚያ የኋላ ጎማውን በእውነተኛ ሞዞ አሠራ። ድሬ ላይ ካጣህ አዲስ አበባ አስፈልግ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ አስይዘው፤ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ለጀማሪ የምመርጠው ሁለት ፊት ያለውን ነው። በአንድ በኩል ቋሚ ጥርስ ከነመቆለፊያው፣ በሌላው በኩል ፍሪዊል ይታሰርበታል። ፊክሲው ካልተስማማህ ጎማውን አገላብጠህ ተራ ሳይክል ታደርገዋለህ። ስትገዛ ስፋቱን ለካ። የፊክሲ ሞዞ አብዛኛውን ጊዜ 120 ሚሊ ነው፤ አሮጌ የውድድር ሳይክል ፍሬም 126 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን በሮንዴላ ሙላ፣ ፍሬሙን በጉልበት አትጭመቅ።

ፍሬን። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይሄን አትርሳ፤ የፊት ፍሬን ሳይኖር ከግቢ አትውጣ። «ፊክሲ ፍሬን አያስፈልገውም» የሚልህ ሰው በዝግ ሜዳ የሚሽቀዳደሙትን አይቶ ነው። እዚያ ባጃጅ የለም፣ ፍየል የለም፣ ሁሉም የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ስታቆም ክብደትህ ወደፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። የቀለለ ጎማ መሬት አይቆነጥጥም። የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖርህ በኋላ ጎማ ብቻ ስታቆም ርቀቱ ይረዝማል። ካቴና ከወጣ ደግሞ ምንም የለህም። ስለዚህ ስትገዛ የፊት ሹካው አናት ላይ የፍሬን ብሎን ቀዳዳ መኖሩን እይ። ከሌለው ሹካውን አትብሳ፣ ሌላ ሹካ ፈልግ።

46 በ16 ለአንተ ከባድ ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 6 ሜትር ገደማ ይወስድሃል። ለመነሳት ትታገላለህ፣ ለማቆም ደግሞ የባሰ ትታገላለህ። ፊት 44 አድርገህ ኋላ 18 አስገባ፣ 5 ሜትር ከትንሽ ይሆናል። ፊቱን መቀየር ካልፈለግክ ኋላውን ብቻ 18 አድርገው፣ እሱም ይሻላል። ከሳቢያን ከዚራ ብዙ ዳገት የለም፤ ከዚራ ስትገባማ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጥላም አለው። ፊክሲ ድሬ ላይ የሚያምረው ለዚህ ነው። ጎማው 28 ሚሊ ወይም ከዚያ ሰፋ ያለ ይሁን። ኮብልስቶንና እሾህ አለብህ። ወደ መጋላ ለመሻገር ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ካስገባኸው ካቴናውን ጥረግ፣ ወፍራም ዘይት አትቀባ። አሸዋ ከዘይት ጋር ሲሆን ሞረድ ነው። ስትጠርግም ጎማውን እያሽከረከርክ ጨርቅ አታስጠጋ። ፊክሲ ጣት ከያዘ አያቆምም፣ ይዞት ነው የሚዞረው። ሽርጥ ለብሰህም አትንዳ፤ ተራ ሳይክል ላይ ሽርጥ ይቀደዳል፣ ፊክሲ ላይ ሰውየው ነው የሚወድቀው።

አንድ ነገር ልብ በል። መታጠፊያ ላይ ፔዳል ማቆም አትችልም። የውድድር ሳይክል ፍሬም መሃሉ ዝቅ ስለሚል ስታዘነብል ፔዳሉ መሬት ይነካል። ከመግዛትህ በፊት ቆመህ ሳይክሉን አዘንብለው፣ ፔዳሉን ታች አድርገህ እየው። ቶሎ ከነካ አጠር ያለ፣ 165 ሚሊ የሆነ ክንድ ፈልግ። የመጀመሪያውን ሳምንት ደግሞ እግርህን በማሰሪያ አጥብቀህ አትሰር። በፍሬኑ እያቆምክ እግርህ ማረፍ እንደሌለበት ይልመድ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ይረሳዋል፣ ፔዳሉ ከኮርቻው ላይ ሊያነሳህ ይሞክራል።

መጨረሻ ላይ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረር ልወጣበት እችላለሁ?» ብለሃል። መውጣቱን ጉልበት ካለህ ሞክረው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መንገዱ ላይ ያለችው ሐረማያ 2,000 ይደርሳል፤ ደንገጎ የሚባለውን ዳገት በ44 በ18 ስትወጣ እናትህን ትጠራለህ እንጂ አትሞትም። የምፈራው መመለሻውን ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከወረድክ እግርህ በደቂቃ 160 ጊዜ መዞር አለበት። አይችልም። እግርህ ከፔዳሉ ይወጣል፣ ፔዳሉ ቁርጭምጭሚትህን ይመታዋል፣ ከጎንህ ሲኖትራክ አለ። ደንገጎ ለመውረድ ጎማውን ወደ ፍሪዊሉ ፊት አገላብጥ፤ ያን ጊዜ የፊት ፍሬን ብቻውን አይበቃም፣ የኋላም ጨምር። የኋላ ፍሬን ካላስገባህ ደግሞ ሳይክሉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነህ ውረድ።