እንግዳችን በሯን ዘጋች፣ እናቴ አኮረፈች

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። በትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ የምታስተምር የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ እኛ ቤት ትኖራለች። የያዘችው አዲስ አበባ የሄደውን ወንድሜን ክፍል ነው። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። አሁን ግን ከሥራ ስትመለስ በሯን ትዘጋለች። ጉርሻ አትቀበልም፤ አንዳንዴ እራትም ይቅርብኝ ትላለች። እናቴ «ንቃን ነው» ብላ አኩርፋለች። እንግሊዝኛ የምሞክረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የሁለቱንም ቃል እያለሳለስኩ አደርሳለሁ። ደከመኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ይበልጥ ያሳሰበኝ «ደከመኝ» ያልሽው ነው። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ እንግዳችሁ። ሰው ከአገሩ ሲርቅ መጀመሪያ ሁሉም ያስደስተዋል። ሲሰነብት ግን ይደክመዋል፣ ይበሳጫል፣ ብቻውን መሆን ያምረዋል። አንትሮፖሎጂስቱ ካለርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን «የባህል ድንጋጤ» ብሎ ገልጾታል። ሁሉም ሰው በዚሁ መንገድ አያልፍም፤ ብዙዎች ግን ውለው አድረው ይለምዳሉ።

እስቲ ቀኗን አስቢው። ከቤት ስትወጣ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሏታል። ያገኛት ሁሉ ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃታል። ገበያ ስትወርድ የገዛችው ሽንኩርት ሳይቀር ይታያል። ማታ በር መዝጋት የእንቅልፍ ያህል ያስፈልጋታል።

እናትሽም አልተሳሳቱም። በእኛ ዘንድ የተዘጋ በር ወይ ኩርፊያ ነው ወይ ሕመም። እንግዳ አልበላም ካለ ባለቤቷ «ምን አጎደልኩ?» ትላለች። ጎረቤትም አለ። «ፈረንጇን እያስራቧት ነው» የሚል ወሬ ከተነሳ ማኅበር ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ ይከብዳል። ይህን ሐፍረት አታቅልዪባቸው። ደግሞም ክፍሉ የወንድምሽ ነው። ምናልባት ያ በር ሲዘጋ የሚከፉት በእሱም ናፍቆት ይሆናል። ስለ እሱ አንስታችሁ የተጫወታችሁት መቼ ነው? እንግዳዋ የእሱን ቦታ ልትሞላ አትችልም፤ ይህም ከእሷ ሊጠበቅ አይገባም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ማለሳለስሽ ከደግነት የመጣ ነው። ነገር ግን እናትሽ እንደተከፉ እንግዳዋ አታውቅም፤ እሷ እንደደከማት እናትሽ አያውቁም። ሁለቱም የሚነጋገሩት አንቺ ከፈጠርሻት ሴት ጋር ነው። ሸክሙ ለዚህ ነው አንቺ ላይ የወደቀው።

ስለዚህ አንድ ቀን ቡና አፍሉና ሦስታችሁ ተቀመጡ። እናትሽ «በሩን ስትዘጊ የናቅሽን ይመስለኛል» ካሉ እንዳለ ንገሪያት። የእሷንም መልስ ሳትቆርጪ ሳትቀጥዪ አድርሺ። ልብሽ ይፈራል፣ አውቃለሁ። ግን ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ይችሉታል።

ከዚያ ተስማሙ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቡና አብራችሁ ትጠጣላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ቢዘጋ ማንም አያንኳኳም። እራት የማትበላ ከሆነ አስቀድማ ትናገር። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እናትሽ ግን ለዚህች ልጅ ሲሉ በአንዱ ይብቃቸው፣ «በሞቴ»ውንም ይተዉላት። አንቺም አንዳንድ ቀን አስተርጓሚነቱን ተይው። ድንች እየላጡ በምልክትም ይግባባሉ።

አንድ ነገር ብቻ ተከታተዪ። እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ጨርሳ ከተወች፣ ማልቀስ ካበዛች ወይም ማስተማር ካቃታት ጉዳዩ ከለመድነው ድካም ያልፋል። ያኔ ለላካት ድርጅት ቶሎ እንድትናገር አግዣት፤ ይህ ባለሙያ የሚያየው እንጂ አንቺና እናትሽ የምትሸከሙት አይደለም።