ሶፋው የማን ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው የምንኖረው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ተማሪ ልጆቻችን ነበርን፤ አሁን ደግሞ እናቴ ከጎንደር መጥተው አብረውን አሉ። ሳሎናችን 3 ሜትር ከ60 በ4 ሜትር ነው። እሱንም ሶፋና ቡፌ ሞልተውታል። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን አልጋ ላይ በደረታቸው ተኝተው ነው የሚሠሩት። እናቴ ማታ ማታ ሳሎን ፍራሽ ተዘርግቶላቸው ይተኛሉ፣ ቀን ግን የእኔ የሚሉት ቦታ የላቸውም። ሶፋውን እንሽጠው ስለው ባለቤቴ «እንግዳ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው?» ይለኛል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እስኪ ባለፈው ወር ስንት ቀን እንግዳ መጣባችሁ? ባልሽን ለማሳጣት ብዬ አይደለም፣ እሱ ያለውን ብዙዎቻችን እናስበዋለን። ሳሎኑ የእንግዳ፣ ሶፋው የእንግዳ፣ ቡፌ ውስጥ ያለው ሰሃን እንኳ የእንግዳ ነው፤ የቤቱ ሰው በተረፈችው ጥግ ይጣበባል። እናንተ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ የሚውለው ማን ነው? እናትሽ ናቸው። ከእሳቸው እንጀምር።

አገር ቤት መደብ ነበረ አይደል? ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይተኙበታል፣ እንግዳም ሲመጣ እዚያው ላይ ነው። እሱኑ ከእንጨት አሠሪላቸው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ከሥሩ ለአንሶላና ለብርድ ልብስ መሳቢያ ይውጣለት። ከፍታው ግን ፍራሹን ጨምሮ ከ45 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ይህን አጥብቄ የምልሽ፣ ሰሞኑን ሁሉም ሰው አረቢያን መጅሊስ ስለሚያስገባ አንቺም ዓይንሽ እሱ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ነው። ያምራል፣ ለልጆችም ምቹ ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ግን ከመሬት ተነሥተው ለመቆም ሰው መጥራት አለባቸው።

መደቡን የት እናስቀምጠው ካልሽ፣ ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ሥር። አዲስ አበባ ላይ በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በብርዱ ወራት ሙቀት ይሰጣል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይሞቃቸዋል።

አሁን ሶፋው። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ከሚባለው ዓይነት ከሆነ የእያንዳንዱ ጥልቀት 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱን ፊት ለፊት ስታስቀምጫቸው ከስፋቱ ግማሹን ወሰዱት ማለት ነው፤ መሃል ላይ ጠረጴዛ ሲጨመር ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። ባለ ሦስቱን አስቀሪና ሌሎቹን ሽጪ፣ ወይም ለዘመድ ስጪ፤ ለባልሽ መስጠቱ ሳይቀለው አይቀርም። መደቡ ሦስት ሰው፣ ሶፋው ሦስት ሰው ያስቀምጣል። ተደራራቢ በርጩማ አራት ያህል ገዝተሽ በር ኋላ ብታኖሪ አሥር እንግዳ ቢመጣም አታፍሪም። ከዚያ ለበለጠው፣ ለልደትም ይሁን ለተዝካር፣ ግቢያችሁ ውስጥ ኮሚናል ካለ ለምን ተሠራና!

ቡፌው እኔ ብሆን ዛሬውኑ ይወጣል። በእሱ ቦታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመትና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚታሰር ታጣፊ ጠረጴዛ ለልጆቹ አድርጊላቸው። ሁለቱም ጎን ለጎን ይጽፉበታል፣ ሲጨርሱ ይታጠፋል። አንድ ነገር ግን አናጺውን አስጠንቅቂው፦ ግድግዳሽ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ተራ ፊሸር፣ ማለትም ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይላላል፣ ልጅ ሲደገፍበት ጠረጴዛው ይወርዳል። ክብደቱን የሚሸከም ታጣፊ እግር ይኑረው።

አናጺ ከመጥራትሽ በፊት የሁሉንም ልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሪና ለጥቂት ቀናት ኑሩበት። ረከቦት የሚዘረጋበት አንድ ሜትር ከግማሽ ያህል ክፍት ቦታ ካልቀረ የሆነ ነገር በዝቷል። መቼም ያለ ቡና የሚሆን ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ቦሌ አራብሳ ነው የምኖረው። ማድ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ በረንዳውን በአሉሚኒየምና በመስታወት ዘግቼ የምጣድ ቦታ ላደርገው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይዝጉት። ምጣድ የሚያወጣው እንፋሎት ቀላል አይደለም። መውጫ ካጣ መስታወቱ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ቀስ እያለ ግድግዳው ይሻግታል። ከላይ በኩል ሰፋ ያለ ክፍት ይተዉ። ከእንፋሎቱ የሚብሰው ደግሞ ከሰል ነው። መብራት ሲጠፋ ምድጃው እዚያው በረንዳ ላይ መቀጣጠሉ አይቀርም፤ በተዘጋ ቦታ የከሰል ጋዝ ሳይሸት፣ ሳይታይ ሰው ይገድላል።

ምጣዱ 3 ኪሎ ዋት ተኩል አካባቢ የሚወስድ ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይስባል። ይህን ዲቫይደር ላይ ሰክቶ መጋገር እሳት መጥራት ነው። ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ በባለሙያ ይዘርጋለት። የሕንፃው የውጭ ገጽታ የጋራ ስለሆነም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኮሚቴውን ያነጋግሩ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አፍርሱ መባል ኪስ ይጎዳል።

ሌላው ቁመቱ ነው። ብዙ ሰው ምጣዱን 90 ሴንቲ ሜትር በሆነው የማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ምጣዱ ራሱ እግር አለው፣ ስለዚህ የምትጋግረው ሴት ሊጥ ስታዞር ክንዷን ወደ ላይ ሰቅላ ነው። ምጣዱ የሚያርፍበት 65 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይሻላል። እርግጠኛውን ልክ የሚነግርዎት ግን የሚጋግረው ሰው ነው። ለነገሩ ይህን ደብዳቤ ባለቤትዎ ቢጽፉልኝ ኖሮ ጥያቄው ራሱ ሌላ ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ፣ አፓርትመንት ተከራይቼ። ቡና በቆላን ቁጥር የጭስ አላርሙ ይጮሃል። ጓደኞቼ በፌስታል ሸፍነው ይላሉ። ሌላ መላ የለም?

መልስ፦ ፌስታሉን እርሳው፤ ቡናው አልቆ ሰው ሲተኛ ማንም አያነሳውም። መጀመሪያ ከምድጃህ በላይ ያለውን የጭስ መሳቢያ እየው። ወደ ውጭ የሚያስወጣ ከሆነ ቡናውን ከሥሩ ቁላ። ብዙዎቹ ግን ጭሱን አጣርተው መልሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚለቁት። የአንተም እንዲያ ከሆነ መስኮት ክፈትና ማራገቢያውን ፊቱን ወደ ውጭ አዙረህ አጠገቡ ቁላ። የኮሪደሩን በር ደግሞ እንዳትከፍት፣ የሕንፃው አላርም ከተነሣ ጎረቤት ሁሉ በፒጃማ ይወርዳል። ዕጣኑንም ቢሆን በከሰል አታጭስ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ የሐበሻ ሱቆች ይሸጣሉ።