የፊት ጎማው አልላቀቅ ሲል

ወንድሜ፣ ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለውን ዋልካ በአራት ጎማ፣ ማለትም የመኪናህ ሞተር አራቱንም ጎማ እያዞረ፣ ካለፍክ በኋላ ወደ ሁለት ብትመልሰውም ከፊት ጎማው ድምፅ እንዳልጠፋ ጽፈሃል። ጋራዥ ከመሄድህ በፊት አቁም፤ ማርሹ በእርግጥ ሁለት ጎማ ላይ መሆኑን እይ። ከዚያ መሪውን ቀጥ አድርገህ ሁለት ሦስት ሜትር በዝግታ ወደ ኋላ ሂድ። ብዙ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ይለቃል። የፊት ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው መቆለፊያ አውቶማቲክ ቢባልም ራሱን የሚችለው ሲቆልፍ ነው፤ ለመልቀቅ እንዲህ መለመን ይወዳል።

ደረቅ አስፋልት ላይ ግን በአራት ጎማ አትንዳ። የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ስለሚገደዱ ኩርባ ላይ እርስ በርስ ይታገላሉ፤ ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ትግሉ ይረግባል። አራት ጎማውንም ዋልካው ሳይውጥህ፣ ገና ዳር ላይ ሳለህ አስገባ። ወደ ኋላ ሄደህም ድምፁ ካልጠፋ፣ መቆለፊያው ውስጥ ጭቃ ገብቶ ይሆናልና ይፈታ፣ ይታጠብ፣ አዲስ ግራሶ ይቀባ።